ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፓወር ሰፕላይ ንድፍ ከሙቀት ይጀመር

ደብረ ወርቅ ብርዳማ ከተማ ናት። ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 2500 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ የተቀመጠች የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ በመሆኗ፣ በክረምት ማታ ያለ ጋቢ ደጅ የሚቀመጥባት ሰው የለም። እንዲህ ባለ አገር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሙቀት ይሞታል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። እኔም አላመንሁም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ለመመረቂያ ጽሑፌ የተበላሹ ፓወር ሰፕላዮችን ለማጥናት ብዬ በከተማዋ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የጥገና ቤት ጥቂት ሳምንታት ተቀመጥሁ። በመደርደሪያው ላይ የቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የላፕቶፕና የአምፖል ፓወር ሰፕላዮች ተከምረዋል። ስንከፍታቸው አብዛኞቹ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው፤ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ በዙሪያው የጠቆረ ቦርድ፣ አልፎ አልፎም የተሰነጠቀ ብየዳ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ በምን ተቃጠሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አዛውንቱ ጠጋኝ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «ልጄ፣ በምን ከምትል መቼ በል። እነዚህ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ነው የሚሞቱ። ምጣዱ ሲጣድ መብራቱ ይደክማል፤ መብራቱ ሲደክም ይኼ ይግላል።»

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ መልስ ይነሣል። በእኔ እምነት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንሠራቸው የአነስተኛ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ንድፎች ሙቀትን የሚያስቡት በመጨረሻ ነው፤ ያውም በሌላ አገር አየርና በሌላ አገር መስመር። ሙቀት ግን በንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል፤ መነሻ ሁኔታዎቹም የእኛው ማታ፣ የእኛው ቆርቆሮ ቤትና የእኛው ከፍታ ሊሆኑ ይገባል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ ይለውጥና፣ በትራንዚስተር አማካይነት በሰከንድ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል መሣሪያው ወደሚፈልገው ቮልቴጅ ያወርደዋል። በ50 ኸርዝ የሚሠሩት የቀድሞዎቹ ትራንስፎርመሮች ከባድ የብረት ዕቃዎች ነበሩ፤ የማብራትና የማጥፋቱ ፍጥነት ሲጨምር ግን ትራንስፎርመሩ እያነሰ ይሄዳል። የላፕቶፕ ቻርጀር በአንድ እጅ የሚያዘው፣ የስልክ ቻርጀርም ኪስ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ያንሳል እንጂ የሚባክነው ኃይል በዚያው ልክ አያንስም። ለምሳሌ 60 ዋት የሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ ብቃቱ 85 በመቶ ቢሆን ከመስመሩ 70.6 ዋት ይስባል፤ 10.6 ዋቱ በሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብቃቱ ወደ 92 በመቶ ከፍ ቢል ብክነቱ ወደ 5.2 ዋት ይወርዳል። በብቃት ረገድ ልዩነቱ ሰባት ነጥብ ብቻ ነው፤ በሙቀት ረገድ ግን ግማሽ በግማሽ ነው። አንባቢ ይህን ስሌት በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ የምለው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ይህ ሙቀት የሚወጣው በሳጥኑ ገጽ በኩል ነው። የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በግማሽ ብንቀንስ ይዘቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ገጹም ወደ አራተኛ ይጠባል። ብክነቱ ካልተቀነሰ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር አራት እጥፍ ሙቀት መሸከም ይኖርበታል። የጎጃም ገበሬ ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። አንድ ቁና እህል በሰፊ ሰሌን ላይ ሲሰጣ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ያው እህል በጠባብ ሰፌድ ላይ ቢከመር ግን ከታች እንደረጠበ ይሰነብታል። እህሉ አልተለወጠም፤ የጠበበው ስጡ ነው።

ሙቀቱ ቶሎ የሚጎዳው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩን ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት እየተነነ ያልቃል። በሙያው ዘንድ የታወቀው ግርድፍ ሕግ የካፓሲተሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል ይላል። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት ይሠራል የተባለ ካፓሲተር በ85 ዲግሪ 8000 ሰዓት፣ በ65 ዲግሪ ደግሞ 32000 ሰዓት ያገለግላል ማለት ነው። ሌት ተቀን ለሚሠራ መሣሪያ የመጀመሪያው አሥራ አንድ ወር፣ ሁለተኛው ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል። የ20 ዲግሪ ልዩነት አንድ የገጠር ቤተሰብ ዕቃውን በየዓመቱ ይገዛል ወይስ በየአራት ዓመቱ የሚለውን ይወስናል። ዕቃው የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ታማሚው ያለ ውጤት ይመለሳል።

ደጋው ምን ይሰጣል? ምን ይነሣል?

«የእኛ አገር አየሩ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ክርክሩ እውነት አለውና ተመዝኖ ሊመለስ ይገባል።

በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የመሄድ ኃይሉም ይደክማል። ያለ ማራገቢያ በራሱ በሚንሸራሸር አየር የሚቀዘቅዝ ሂት ሲንክ፣ የማስተላለፍ ብቃቱ በግምት ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ በባሕር ጠለል ከአካባቢው አየር በ40 ዲግሪ ይበልጥ የነበረው በደብረ ወርቅ በ44 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ማራገቢያ ላለው መሣሪያ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ 40 የነበረው ጭማሪ ወደ 50 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። በጨረር የሚወጣው ሙቀት ብቻ በከፍታ አይነካም። የታወቁ አምራቾችም ይህን በመግለጫ ሰነዳቸው ያሰፍራሉ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 1000 ሜትር የሚፈቀደውን የአካባቢ ሙቀት ማራገቢያ በሌለው በ3.5 ዲግሪ፣ ማራገቢያ ባለው በ5 ዲግሪ ይቀንሱታል።

በሌላ በኩል ከፍታ ሲጨምር አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በ2500 ሜትር ይህ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሂሳቡ ሲደመር ደጋው አትራፊ ነው፤ ያለ ማራገቢያ 4 ዲግሪ ነሥቶ 16 ዲግሪ ይሰጣል። ስለዚህ «የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ዕቃ ያቃጥላል» የሚለው አባባል ብቻውን ትክክል አይደለም። እኔም ጥናቴን ስጀምር ይህንኑ ላረጋግጥ ነበር ያሰብሁት፤ ስሌቱ ግን መለሰኝ።

ታዲያ ደጋው የሰጠን ትርፍ የት ገባ? ከፊሉን ቤታችን ይወስደዋል። ፓወር ሰፕላዩ የሚኖረው በሜዳ ላይ ሳይሆን በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ በኮርኒስ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ከፊሉን ጉዞ ይወስደዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ፣ ጠዋት በደጋ ብርድ የነበረ ዕቃ ቀትር ላይ በቆላ ሐሩር ይገኛል። ዕቃ ደግሞ ተሠርቶ በአንድ ወረዳ አይቀርም። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን ጠጋኙ የነገሩኝ ማታ ነው።

ማታ ምን ይሆናል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በረጅም የገጠር መስመር ጫፍ ላይ ጥቂት ቤቶች በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲጥዱ ቮልቴጁ ይወርዳል። የድሮው አምፖል በዚህ ጊዜ ይደበዝዝ ነበር፤ በመደብዘዙም ራሱን ያተርፍ ነበር። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ግን አይደበዝዝም። ሥራው ውጤቱን ሳይለውጥ መስጠት ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚፈልገውን ኃይል ለማግኘት ተጨማሪ ከረንት ይስባል። 220 ቮልት የነበረው መስመር 150 ቮልት ላይ ቢወድቅ የሚስበው ከረንት በ47 በመቶ ይጨምራል። በሬዚስታንስ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ በመግቢያው ሽቦ፣ በማጣሪያው ጥቅልና በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከተለዋዋጭ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶችም ከረንቱ በጨመረበት ልክ ይግላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። በትራንዚስተሩ መብራትና መጥፋት ላይ የሚባክነው ኃይል ቮልቴጁ ሲወርድ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠቅላላው ብክነት በእጥፍ አይጨምርም፤ የሚለወጠው የሙቀቱ ቦታ ነው። በ220 ቮልት ሲለካ ከሁሉ ይሞቅ የነበረው ክፍል በ150 ቮልት ሁለተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ያልታሰበበት የመግቢያ ክፍል ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ሂት ሲንኩን በ220 ቮልት ልኬት ያስቀመጠ ንድፍ አውጪ፣ ማታ ላይ ሂት ሲንኩ አንድ ቦታ፣ እሳቱ ሌላ ቦታ ይሆንበታል። ያ ትኩስ ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ካፓሲተር ጎን ለጎን የተተከለ ነው።

በዚህ ላይ መብራት መጥፋትና መመለስ ይጨመራል። በመግቢያው ላይ የመነሻ ከረንትን የሚገታው ቴርሚስተር ሥራውን የሚሠራው ሲቀዘቅዝ ነው። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ቴርሚስተሩ ገና ትኩስ ስለሚሆን አይገታም፤ ከረንቱ እንደ ጎርፍ ይገባል። ለዓመታት የሚደጋገመው መሞቅና መቀዝቀዝም ብየዳውን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። ብዙ ቤተሰብ መፍትሔ አድርጎ የሚገዛው ስታቢላይዘር ለዕቃው እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርሱም ቮልቴጁን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ስለሚስብ ለጎረቤት የሚደርሰውን ይበልጥ ያሳንሳል።

ጉዳዩ ነገ ይቀላል ብሎ መጠበቅም አይበጅም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ በዓባይ ላይ የተገኘ ታላቅ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ከግድቡ የወጣው ኃይል በመጨረሻ የሚያልፈው በአንዲት ከተማ የስርጭት ትራንስፎርመርና በቀጭን ሽቦ በኩል ነው፤ የቮልቴጅ መውደቅ የሚፈጠረውም በዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች እየበዙ ነው። እነርሱም በኪሎ ዋት የሚቆጠር ኃይል የሚያስተናግዱ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዮች ናቸው። ዛሬ በ60 ዋት ላይ ያልተማርነውን ነገ በ7 ኪሎ ዋት ላይ በውድ ዋጋ እንማረዋለን።

ማነስ ለማን ነው?

በመመረቂያ ጽሑፎቻችን «አነስተኛ» የሚለው ቃል እንደ ሙገሳ ይገባል። የእኔም ረቂቅ እንዲሁ ነበር። ስለ ሪፕል፣ ስለ መቆጣጠሪያው ፍጥነትና ስለ ብቃቱ ሃምሳ ያህል ገጽ ጽፌ፣ ስለ ሙቀት ግን በመጨረሻው ምዕራፍ «በማራገቢያ መቆጣጠር ይቻላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀምጬ ነበር። ሲሙሌሽኑ በ25 ዲግሪና በ230 ቮልት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ እንጂ እኔ የመረጥኋቸው አልነበሩም።

በዓለም ላይ ዕቃን በማሳነስ የተሳካላቸው ግን ሙቀትን ለመጨረሻ አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ሁለት ኮምፒውተር ማራገቢያ አልነበረውም። ይህ የተቻለው ሮድ ሆልት የነደፈለት ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ዓይነት ያነሰ ሙቀት ስለሚያባክን ነው። ማራገቢያው የቀረው ሙቀቱ ሳይፈጠር በመቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል ከአይ ትሪፕል ኢ ጋር ሆኖ ያወጀው የትንሿ ሣጥን ውድድርም ለ2 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቅርቦ ነበር። የተጠየቀው መጠን በኪዩቢክ ኢንች ከ50 ዋት በላይ፣ ማለትም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3 ዋት ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሸነፈው የቤልጅየም ቡድን በኪዩቢክ ኢንች 143 ዋት ደርሷል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በፊት ግን በውድድሩ ደንብ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ የሣጥኑ ውጫዊ ገጽ ከ60 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ፈተናውም 100 ሰዓት እንዲዘልቅ። የሙቀቱ ወሰን ከመጠኑ ወሰን ጋር በአንድ ገጽ ተጽፎ ነበር።

መጠየቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ማነስ የሚጠቅመው ለማን ነው? ኪስ ለሚገባ ቻርጀር ይጠቅማል። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ለሚኖር መሣሪያ ግን ሳጥኑ በሁለት ጣት ቢሰፋ የሚጎዳ የለም፤ የሚያገኘው የማቀዝቀዣ ገጽ ግን ዕድሜውን ያረዝማል። ከፍታም በበኩሉ ማነስን ይገድባል። ስስ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ እስከ 2000 ሜትር የተሰጠው የአየር ክፍተት በ3000 ሜትር በ1.14፣ በ4000 ሜትር በ1.29 እንዲባዛ ያዛል። በደብረ ወርቅም ሆነ በጮቄ ግርጌ ለሚሠራ ዕቃ በከፍተኛና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ክፍሎቹ መካከል ያለው ርቀት በባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሚበቃው መስፋት አለበት። ይህን ረስቶ ቦርዱን ማጥበብ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው አዲስ ላቦራቶሪ አይደለም። የምጠይቀው የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው።

አንደኛ፣ የማንኛውም የፓወር ሰፕላይ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ አራት ቁጥሮችን ይያዝ፤ መሣሪያው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሚሠራበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ በሳጥኑ ዙሪያ የሚጠበቀው ከፍተኛ የአየር ሙቀት፣ የሚኖርበት ከፍታ፣ እና የካፓሲተሩ ሙቀት እንዳያልፍ የተወሰነው ልክ። ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሩ ከዚህ በኋላ ይመረጡ።

ሁለተኛ፣ ሙቀትን ከማስወጣት በፊት መቀነስ ይቅደም። በ12 ቮልት 5 አምፔር በሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ የውጤት ዳዮዱ ግማሽ ቮልት ቢወስድ በግርድፍ ስሌት 2.5 ዋት ያባክናል። በእርሱ ፋንታ 10 ሚሊ ኦም ሬዚስታንስ ያለው ትራንዚስተር ቢገባ ብክነቱ ወደ ሩብ ዋት ይወርዳል። የመቆጣጠሪያው ትርፍ ወጪ የሚካካሰው በሂት ሲንኩ ማነስና በካፓሲተሩ ዕድሜ ነው። ቀጥሎ ሙቀቱ መውጫ መንገድ ይሰጠው፤ ትኩሱ ክፍል ከብረት ሳጥኑ ጋር በሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ ይገናኝ፣ ካፓሲተሩም ከትኩሱ ክፍል ይራቅ። ማራገቢያ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የበጋ አቧራ ቀድሞ የሚገድለው እርሱን ነው፤ እርሱ የቆመ ዕለትም በእርሱ ተማምኖ የጠበበው ሳጥን ምድጃ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት ይለካ። «የሙቀት ካሜራ የለንም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ቴርሞካፕል ያለው መልቲሜትር፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ ኦቶትራንስፎርመር፣ ክዳን ያለው ሳጥንና ሰዓት ይበቃሉ። ቴርሞካፕሉ በካፓሲተሩ ገላ፣ በትራንስፎርመሩ ጥቅል፣ በትራንዚስተሩና በመግቢያው ዳዮድ ላይ ይለጠፍ፤ መሣሪያው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በ220ም በ150ም ቮልት ይሥራ፤ ንባቡም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ1 ዲግሪ የማይበልጥ ለውጥ እስኪያሳይ ድረስ ይጠበቅ። በርቀት በሚለካ የኢንፍራሬድ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ይጠንቀቅ፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ሙቀቱን በጨረር ስለማይገልጽ መሣሪያው እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ በዚያ ላይ መለካት ይህን ስሕተት ያቃልለዋል።

አራተኛ፣ ውጤቱ በጭማሪ ይጻፍ። በ18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 62 ዲግሪ ያነበበ ካፓሲተር ጭማሪው 44 ነው። ያው ዕቃ በዓባይ በረሃ በ38 ዲግሪ አየር ቢሠራ ወደ 82 ዲግሪ እንደሚጠጋ ማንም ደምሮ ያውቃል። «በላቦራቶሪያችን አልሞቀም» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን የደጋውን ብርድ እንጂ የንድፉን ጥራት አይመሰክርም።

መምህራንና ገምጋሚዎች ከተመራቂው የሲሙሌሽን ሥዕል ሲጠይቁ ይህንንም ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ሠንጠረዡ ሁለት ቀን ቢያስፈጅ ነው። ሁለቱ ቀን ግን በወረቀት ያማረውን ንድፍ ቤት ገብቶ ከሚሠራው ይለየዋል። ጊዜው አጭር ነው፣ ዕቃው ውድ ነው፣ የተማሪው ትኩረት በመቆጣጠሪያው ስሌት ላይ ሊሆን ይገባል የሚሉ ይኖራሉ። የመቆጣጠሪያ ስሌትን ዋጋ አላሳንስም። ሆኖም በዚያ መደርደሪያ ላይ ያየኋቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የመቆጣጠሪያ ቺፓቸው ደኅና ነበር። የሞቱት በሁለት ሳንቲም ሜትር ርቀት ከትኩስ ክፍል አጠገብ በተቀመጠ ካፓሲተር ምክንያት ነው።

የእኔን ረቂቅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና እየጻፍሁት ነው። ሳጥኑ ሰፍቷል፣ ማራገቢያው ወጥቷል፣ በ150 ቮልት የተለካው ሠንጠረዥም ከመጨረሻው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያው መጥቷል። የአገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። ጠጋኙ ጋሼም ያሉኝ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዕቃው እርሳቸው ዘንድ የሚደርሰው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው። ቅጠሉ በእጃችን ያለው ገና ወረቀት ላይ ሳለን ነው።